ዩኒቨርሲቲውን የሚመራው ማነው? ስለ ቦርድ፣ ስለ ሹም ሽርና ስለ «ከላይ የመጣ አቅጣጫ»

የዩኒቨርሲቲ ፕሬዚዳንት ሊቀየር ነው ሲባል ወሬው ጎጃም ውስጥ በአንድ ቀን ይዳረሳል። ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ፔዳ ግቢ በር ላይ ሻይ የሚጠጣው መምህር፣ ደብረ ማርቆስ ውስጥ ፎቶ ኮፒ ቤት ያለው ወጣት፣ እንጅባራ ልጁን ግቢ ያስገባ አባት መጀመሪያ የሚጠይቁት አንድ ነገር ነው፤ «የማን ሰው ነው?» ምን አስተማረ፣ ምን ተመራመረ፣ ምን ሊሠራ አስቧል የሚለው ከዚያ በኋላ ይመጣል። ከመጣ ነው እሱም።

ጥያቄው ከመሬት አልተነሣም። መልሱ ግን ብዙ ጊዜ ሁለት ጽንፍ ይይዛል። አንዱ «ሁሉም ካድሬ ነው፣ ምን ታካብዳለህ» ብሎ ይዘጋዋል። ሌላው አዋጅ ጠቅሶ «ዩኒቨርሲቲ እኮ በሕግ ነፃ ነው» ይላል። በሁለቱም መልስ አሠራሩ አይታይም። ፖለቲካ ግቢ ውስጥ የሚገባው በየትኛው በር ነው? የቱ ጣልቃ ገብነት ነው፣ የቱስ ተገቢ ቁጥጥር? «ራስ ገዝ» የሚባለው ነገርስ ምን ይለውጣል? እስኪ ከሥሩ እንየው። (ዓመቶቹ ሁሉ በእኛ አቆጣጠር ናቸው።)

ዩኒቨርሲቲው የክልሉ ነው ወይስ የፌዴራል?

ጎጃም ውስጥ ሦስት የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች አሉ፤ ባሕር ዳር፣ ደብረ ማርቆስና እንጅባራ። ቀደምቱ ባሕር ዳር ነው። መነሻው ሁለት ተቋም ነው። አንዱ በ1955 በሶቭየት ኅብረት ድጋፍ የተከፈተው ፖሊ ቴክኒክ፣ ሌላው በ1960ዎቹ አጋማሽ የተቋቋመው የፔዳጎጂ አካዳሚ። ሁለቱ ተዋሕደው በ1992 ዩኒቨርሲቲ ሆኑ። ተማሪው እስከዛሬ «ፖሊ ነኝ»፣ «ፔዳ ነኝ» የሚለው ከዚያ የቀረ ነው። ደብረ ማርቆስ በ1997 ተመሥርቶ በ1999 ማስተማር ጀመረ። እንጅባራ ከቅርቦቹ፣ አራተኛ ትውልድ ከሚባሉት ነው።

ሦስቱም የፌዴራል ተቋማት ናቸው። የሚቋቋሙት በሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ነው። በጀታቸው ከፌዴራል መንግሥት ይመጣል፣ ተጠሪነታቸውም ለትምህርት ሚኒስቴር ነው። ግቢው ከተማው ውስጥ ስላለ ብቻ የክልሉ ወይም የዞኑ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። የክልል የሆኑት እነ ደብረ ማርቆስና ፍኖተ ሰላም መምህራን ትምህርት ኮሌጅ ናቸው።

ይህን መለየት ለምን አስፈለገ? አንድ የዞን ኃላፊ የዩኒቨርሲቲ ፕሬዚዳንትን ማዘዝ አይችልም። በወረቀት ላይ ምንም ሥልጣን የለውም። በተግባር ግን መሬቱ፣ የውኃ መስመሩ፣ የግቢው ዙሪያ ጸጥታ እሱ ጋ ነው። ስለዚህ ፕሬዚዳንቱ ሁለት አለቃ አለው፤ አንዱ አዲስ አበባ ደብዳቤ የሚጽፍ፣ ሌላው ማዶ ተቀምጦ ስልክ የሚደውል።

ማን ማንን ይሾማል?

ዩኒቨርሲቲዎች የሚተዳደሩበት ሕግ የከፍተኛ ትምህርት አዋጅ ቁጥር 1152/2011 ነው። ከሱ በፊት የ1995 እና የ2001 አዋጆች ነበሩ። ዋናው መዋቅር ከአዋጅ አዋጅ ብዙም አልተናጋም።

ከላይ ቦርድ አለ። የዩኒቨርሲቲው የበላይ አካል እሱ ነው። ዕቅድና በጀት ያያል፣ የፕሬዚዳንቱን ሥራ ይገመግማል። መምህር ሙሉ ፕሮፌሰር ሲሆን ማዕረጉ የሚጸድቀውም እዚያ ነው። አባላቱ ጥቂት ሰዎች ናቸው፤ ብዙዎቹም ሌላ የሙሉ ጊዜ ሥራ አላቸው። ዩኒቨርሲቲው ዕጩ ማቅረብ ይችላል፣ ሿሚው ግን ሚኒስቴሩ ነው።

ቀጥሎ ፕሬዚዳንቱ። በደንቡ መሠረት ቦታው በማስታወቂያ ይወጣል። ተወዳዳሪዎች የሥራ ዕቅዳቸውን ጽፈው ያመጣሉ፣ ቆመውም ያስረዳሉ። ነጥብ ይሰጣል። ቦርዱ የተሻሉትን ዕጩዎች ለሚኒስትሩ ይልካል፣ ሚኒስትሩ አንዱን ይሾማል። እንግዲህ የመጨረሻዋ ፊርማ የፖለቲካ ተሿሚ እጅ ላይ ናት ማለት ነው።

ሴኔት የሚባለው ደግሞ የትምህርት ጉዳይ ሸንጎ ነው። ምን ይሰጣል፣ ማን ይመረቃል፣ ማን ማዕረግ ያድጋል የሚለውን የሚወስነው እሱ ነው። ዲኖች፣ ዳይሬክተሮች፣ የመምህራንና የተማሪዎች ተወካዮች ይቀመጡበታል። ሰብሳቢው ራሱ ፕሬዚዳንቱ ነው። ዲኖቹና ዳይሬክተሮቹ ደግሞ በፕሬዚዳንቱ ፊርማ ወንበር ያገኙ ናቸው። አንድ ሰው ከላይ ሲጨነቅ ጭንቀቱ እስከ ትምህርት ክፍል ኃላፊ ድረስ የሚወርደው በዚህ ምክንያት ነው። ለሃምሳ ሰው መደወል አያስፈልግም፤ አንዱ ይበቃል።

ታዲያ መንግሥት ከፋይ ከሆነ ማዘዝ መብቱ አይደለም?

ጥሩ ጥያቄ ነው፣ ብዙ ክርክር የሚበላሸውም እዚህ ላይ ነው።

መሬቱን ለእኩል የሰጠ ገበሬ እናስብ። በሬ የለውም፣ ወይ ጉልበቱ ደክሟል፣ ጎረቤቱ ያርስለታል። ባለመሬቱ ብዙ ነገር መጠየቅ ይችላል። ምን ተዘራ? ማዳበሪያው የት ገባ? ስንት ኩንታል ወጣ? አውድማ ላይ ቆሞ እህሉ ሲሰፈር ማየት ሙሉ መብቱ ነው። እርፉን ከአራሹ እጅ ቀምቶ «ትልሙን በዚህ አውጣው» ካለ ግን፣ ወይም በሐምሌ አጋማሽ በሬዎቹን ፈትቶ ለወንድሙ ማሳ ከወሰዳቸው፣ ኅዳር ላይ ለሚጎድለው እህል አራሹን መውቀስ አይችልም።

ዋና ኦዲተር የዩኒቨርሲቲን ሒሳብ መርምሮ ለፓርላማ ማቅረቡ አውድማ ላይ መቆም ነው። ሚኒስቴሩ የተመራቂ ጥራት መለካቱም እንደዚያው። በ2015 የተጀመረውን የመውጫ ፈተና ብዙ ተማሪ ይረግመዋል። በእኔ እይታ ግን እሱም ከቁጥጥር ወገን ነው። ማን ይቀጠር፣ የማን ውጤት ይስተካከል፣ ምን ጥናት ይደረግ፣ የትኛው መምህር የትኛውን ስብሰባ ይግባ ወደሚለው ሲሻገር እርፍ መቀማት ይሆናል።

ሕገ መንግሥቱም መስመሩን አስምሯል። አንቀጽ 90 ንዑስ አንቀጽ 2 ትምህርት ከሃይማኖት፣ ከፖለቲካ አመለካከትና ከባህል ተጽዕኖ ነፃ በሆነ መንገድ መካሄድ እንዳለበት ይደነግጋል። የከፍተኛ ትምህርት አዋጁ ደግሞ የአካዳሚክ ነፃነትንና የተቋም ነፃነትን ለየብቻ ያስቀምጣቸዋል። የመጀመሪያው መምህሩና ተማሪው ያመኑበትን መጠየቅ፣ መመርመርና መናገር መቻላቸው ነው። ሁለተኛው ተቋሙ የራሱን ቤት ራሱ ማስተዳደሩ ነው። አንዱ ያለ ሌላው ሊኖር ይችላል። ተቋሙ ከሚኒስቴር ነፃ ሆኖ ውስጡ ያለው መምህር አፉን የሚለጉምበት ሁኔታ አለ። ወደዚህ በኋላ እመለሳለሁ።

ሕጉ እንዲህ ካለ ፖለቲካው በየት በኩል ይገባል?

ሰው ቶሎ የሚያስበው ስልክን ነው። «ከላይ ተደወለ» ይባላል። ስልክ የለም አልልም። ስልክ የሚያስፈልገው ግን ሌሎቹ መንገዶች ሳይሠሩ ሲቀሩ ነው። ሌሎቹ ደግሞ ድምፅ የላቸውም።

ዋናው ተጠባባቂነት ነው። ቦታው በውድድር እስኪሞላ ድረስ አንድ ሰው በጊዜያዊነት ይመደባል። ነገሩ ራሱ ክፋት የለውም፤ ፕሬዚዳንት ሲታመም ወይም በድንገት ሲለቅ ሥራ መቆም የለበትም። ደብዳቤውን ግን አንዴ ቀረብ ብላችሁ እዩት። በጣም አጭር ነው። ቀን፣ ቁጥር፣ «ለዶክተር እገሌ»። ከዚያ ቦታው እስኪሞላ ከዛሬ ጀምሮ በተጠባባቂነት መመደባቸውን የምትገልጽ አንዲት ዓረፍተ ነገር። ማኅተም። ከግርጌ የግልባጭ ዝርዝር። የሚጀምርበት ቀን አለው፣ የሚያልቅበት የለውም።

ይህን ደብዳቤ ኪሱ ይዞ ቢሮ የገባ ሰው አንድ ነገር በደንብ ያውቃል፤ እንዲህ ያለች ሌላ አጭር ደብዳቤ ነገ ልታወርደው ትችላለች። ምክንያት አይጠየቅባትም፣ ይግባኝም የላትም። ስለዚህ ይጠነቀቃል። አምስት ዓመት የሚፈጅ ሥራ አይጀምርም። የሚያስቀይም ውሳኔ ያዘገያል። አዳራሽ ስጠን ሲሉት ይሰጣል። ሕግ አልተጣሰም፣ ትእዛዝም አልተሰጠም፤ ሰውየው ራሱን በራሱ ያርማል እንጂ። ተጠባባቂነቱ ከላይ ሲቆይ ደግሞ ወደታች ይባዛል፤ ተጠባባቂ ምክትል፣ ተጠባባቂ ዲን፣ ውክልና የያዘ ክፍል ኃላፊ።

ለዚህ ነው «ማን ሾመው?» ከሚለው ይልቅ «ማን፣ በምን ምክንያት፣ በስንት ቀን ሊያወርደው ይችላል?» የሚለውን አጥብቄ የምጠይቀው። ሹም ሽር ባለበት ቤት ሹመቱ ከሽረቱ ያነሰ ጉልበት አለው። በውድድር አንደኛ ወጥቶ የተሾመም ቢሆን ነገ ያለ ምክንያት የሚነሣ ከሆነ ከተጠባባቂው ብዙም አይሻልም። በምደባ የመጣ ሰው እንኳ የሥራ ዘመኑ ከተከበረለት ቀስ በቀስ ጀርባው ይጠናል።

ሁለተኛው ቦርዱ ነው። ለብዙ ዓመታት የዩኒቨርሲቲ ቦርድ ሰብሳቢ ሆነው የምናያቸው ሚኒስትሮች፣ ሚኒስትር ዴኤታዎችና የክልል ባለሥልጣናት ነበሩ። ይህን ሙሉ በሙሉ የሚኮንን ሰው አንድ ነገር ይረሳል። ባለሥልጣን ሰብሳቢ ያለው ዩኒቨርሲቲ የመንገድ፣ የመብራት፣ የመሬት ጉዳዩ ይፈጠንለታል። አዲስ ለተከፈተ ግቢ ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። ዋጋው በኋላ ይመጣል። ሰውየው ሥራ ስለሚበዛበት ስብሰባው ይራዘማል፣ የአንድ ፕሮፌሰር ማዕረግ ወራት ይጠብቃል። ሹመቱ ሲቀየር ቦርዱም አብሮ ይናጋል። የመንግሥት ባለሥልጣን የመንግሥትን ፖሊሲ የሚተች ጥናት ያወጣ ተቋምን ሲገመግም ደግሞ ዳኛውም ከሳሹም ራሱ ይሆናል።

ሦስተኛው በጀት ነው። የዩኒቨርሲቲ ገንዘብ በርዕስ በርዕሱ ተከፋፍሎ ይመጣል። ደመወዝ ለብቻ፣ የተማሪ ምግብ ለብቻ፣ ውሎ አበል ለብቻ፣ ግንባታ ለብቻ። የኬሚስትሪ ክፍል ሬጀንት (የሙከራ ኬሚካል) አልቆበት ተማሪው ሙከራውን በቾክ ሰሌዳ ላይ «ሲሠራ»፣ በሌላ ርዕስ የተያዘ ብር ዓመቱ እስኪያልቅ ሊተኛ ይችላል። እንደ ልብ ማዘዋወር አይቻልም። የመምህር ደመወዝ ስኬል የሚወሰነውም ግቢ ውስጥ አይደለም። ለጥንቃቄ የተሠራ አሠራር ነው፣ ሌብነትን ይቀንሳል ተብሎ። ውጤቱ ግን ፕሬዚዳንቱ ለእያንዳንዱ ነገር አዲስ አበባ መመላለሱ ነው። ሲመላለስ የሚኖር ሰው ደግሞ እንቢ ማለት ይከብደዋል።

አራተኛውን ሁሉም ያውቀዋል፣ ማንም ወረቀት ላይ አያገኘውም። «አቅጣጫ ወርዷል» ይባላል። ማን አወረደው? አይታወቅም። ደብዳቤ አለው? የለውም። ግን ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ መምህራን አዳራሽ እንዲገኙ ይነገራል። በሩ ላይ የስም ዝርዝር ይዛ የተቀመጠች ጸሐፊ አለች፤ ሲገቡ ይፈረማል፣ ከሻይ በኋላም ይፈረማል። ቀኑን ሙሉ ስላይድ ይታያል። ያልመጣ ሰው ስሙ ለክፍል ኃላፊው ይላካል። ኃላፊው ራሱ ሰኞ ላይ የቤተ ሙከራ (ላብ) ትምህርት የነበረው ምስኪን ነው፤ ባልደረባውን «ለምን ቀረህ?» ብሎ መጠየቁ ያሳፍረዋል፣ ግን ይጠይቃል።

በዚህ በኩል ትልቁ ማሳያ በ2006 መጨረሻና በ2007 መጀመሪያ በመላ አገሪቱ ለዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የተሰጠው የመንግሥት ፖሊሲ ሥልጠና ነው። በዚያው ዘመን «አንድ ለአምስት» የሚባለው አደረጃጀትም ግቢ ገብቶ ነበር። ሲጀመር ደካማ ተማሪን ለመደገፍ ነበር የተባለው። ከአምስቱ አንዱ ሪፖርት ጸሐፊ መሆኑን ግን ያኔ የተማረ ሁሉ ያስታውሳል።

አውቶቡሶቹንም አንርሳ። የሰልፍ ቀን ሲደርስ የዩኒቨርሲቲ አውቶቡስ ይፈለጋል። ወረቀት ላይ «የማኅበረሰብ አገልግሎት» ተብሎ ሊመዘገብ ይችላል። እውነተኛው የማኅበረሰብ አገልግሎት ግን ሌላ ነው፤ የግብርና መምህሩ አርሶ አደሩ ማሳ ላይ ወርዶ የስንዴ ዋግ ሲያይ፣ የሕግ ተማሪው አቅም ለሌላት እናት ነፃ ምክር ሲሰጥ።

ይህ ነገር አዲስ ነው?

አይደለም። እንዲያውም ከመጀመሪያው ጀምሮ ነው። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ (የዛሬው አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ) በ1954 ሲመረቅ ዋናው ግቢ የንጉሡ ቤተ መንግሥት የነበረው ገነተ ልዑል ነው፤ ቻንስለሩም ራሳቸው ንጉሡ ነበሩ። ከመጀመሪያዎቹ ፕሬዚዳንቶች አንዱ የሆኑት ካሣ ወልደ ማርያም የንጉሡን የልጅ ልጅ ያገቡ ሰው ናቸው። ያም ሆኖ «መሬት ለአራሹ» የሚለው ጩኸት በ1957 የወጣው ከዚያው ግቢ ነው።

ደርግ ዩኒቨርሲቲውን ዘግቶ በ1967 ተማሪውንና መምህሩን ለእድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ ገጠር ላከ። ዘማቹ 60,000 ገደማ ነበር። ሲከፈት ማርክሲዝም የግዴታ ኮርስ ሆኖ ጠበቀ። ኢሕአዴግ ሲመጣ ደግሞ በ1985 ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከ40 በላይ መምህራን በአንድ ጊዜ ተባረሩ፤ ፕሮፌሰር አስራት ወልደየስ ከነሱ አንዱ ነበሩ። በ1995 የዚያው ዩኒቨርሲቲ ፕሬዚዳንት የነበሩት እሸቱ ወንጨቆ የመንግሥትን ጣልቃ ገብነት ምክንያት አድርገው ሥልጣናቸውን ለቀቁ።

ከለውጡ በኋላስ? መዋቅሩ ራሱ መለስ ቀለስ ብሏል። በ2011 የሳይንስና ከፍተኛ ትምህርት ሚኒስቴር ተቋቋመ፣ በ2014 ፈርሶ ወደ ትምህርት ሚኒስቴር ተመለሰ። ያኔ ሚኒስትር ሆነው የተሾሙት ፕሮፌሰር ብርሃኑ ነጋ የተፎካካሪ ፓርቲ መሪ ነበሩ። ይህ በራሱ አንድ ነገር ያሳያል። ወንበሩ ላይ የተቀመጠው ሰው ፓርቲ ቢለያይም የፕሬዚዳንቱ ሹመት የሚያልፍበት መንገድ ያው ነው።

ግፊቱ ከላይ ብቻ ነው የሚመጣው?

ይህን ክፍል የማይወዱት ሰዎች ይኖራሉ።

ብዙ ጊዜ ስለ ፌዴራል እጅ እንጮኻለን። ከጎን የሚመጣውን ግን «የአካባቢ ጥቅም» ብለን እናልፈዋለን። አንድ ዩኒቨርሲቲ አዲስ ከተማ ሲገባ መጀመሪያ የሚመጣው ጥያቄ «የጥበቃና የጽዳት ሥራ ለአካባቢው ልጆች ይሰጥ» ነው። ተገቢ ነው። መሬቱን ለግቢው ለቆ የተነሣ ገበሬ ልጁ ቢቀጠርለት ማን ይቃወማል? ቀጥሎ ግን የቢሮ ሥራ ይመጣል። ቀጥሎ የግዢ ባለሙያው። ከዚያ ፕሬዚዳንቱ ራሱ «የኛ ልጅ ይሁን» ይባላል።

እንዲህ ያለው ነገር ክልል ከክልል ጋር ብቻ የሚቆም ይመስለናል። አይቆምም። አማራ ክልል ውስጥ ሆነን «የጎጃም ልጅ ነው? የጎንደር ነው? ወሎዬ ነው?» የሚል ሹክሹክታ በየሻይ ቤቱ አለ። ጎጃም ውስጥ ገብተን ደግሞ ምሥራቅ ነው ምዕራብ፣ አዊ ነው አይደለም ይባላል። ይህን የምንል ሰዎች ስለ አካዳሚክ ነፃነት ስናወራ ድምፃችን ትንሽ ዝቅ ቢል ይሻላል። ለነገሩ የዋሸራን፣ የጎንጅንና የደብረ ኤልያስን መምህራን ፍለጋ ከየአገሩ የቆሎ ተማሪ በእግሩ ይመጣ የነበረበት ጎጃም፣ መምህሩን በአውራጃው መመዘን የጀመረው ከመቼ ወዲህ ነው?

ከሁሉም የከበደው ደግሞ ጸጥታው ነው። ከሐምሌ 2015 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ወዲህ በክልሉ ያሉ ዩኒቨርሲቲዎች የተማሪ ጥሪያቸውን ለማራዘም ተገደው ነበር። መንገድ ሲዘጋ የትምህርት ዘመኑ የቀን መቁጠሪያ የሴኔቱ መሆኑ ይቀራል። ጠመንጃ በከበበው ከተማ ውስጥ ደግሞ መምህር ክፍል ውስጥ የሚናገረውን በሁለት በኩል ይመዝናል። ለዚህ ሕግ ቢወጣ ባይወጣ ለውጥ የለውም፤ ሰላም ነው የሚፈልገው።

ታዲያ ተማሪውንና ወላጁን ምን አገባው?

በጣም ያገባዋል። ሰባ ሠላሳን እናስታውስ። በ2001 ገደማ ከሚገቡት ተማሪዎች 70 በመቶው የተፈጥሮ ሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ 30 በመቶው ማኅበራዊ ሳይንስ እንዲማሩ ተወሰነ። አገር መሐንዲስ ያስፈልጋታል ማለት ፖሊሲ ነው፤ መንግሥት የመወሰን መብት አለው። ችግሩ የነበረው የትኛው ዩኒቨርሲቲ፣ በምን ላብ፣ በስንት መምህር የሚለውን ተቋማቱ ራሳቸው እንዲመልሱ ጊዜና ሥልጣን አለማግኘታቸው ነው። «ላብ የለኝም፣ ዘንድሮ ይህን ያህል ብቻ ነው የምቀበለው» ሊል የሚችል ፕሬዚዳንት አልነበረም። ተማሪውን የሚመድበው ሚኒስቴሩ ነው። ዋናውን ማሽን በፎቶ ብቻ አይተው የተመረቁ ኢንጂነሮች አሉ፤ ሥራ ቃለ መጠይቅ ላይ ሲቀርቡ ጥፋቱ የነሱ ይመስላል።

በትንሹም ይታያል። መምህሩ የማዕረግ ዕድገቱ ከጽሑፉ ይልቅ ከወዳጅነቱ ጋር ከተያያዘ ጽሑፉን ይተዋል። ጎበዙ ውጭ ይሄዳል፣ ወይ ድርጅት ይቀጠራል። የቀረው በቀን ሦስት ክፍል እየሮጠ በድሮ ሃንድአውት ያስተምራል። ወላጅ ይህን የሚያየው ዘግይቶ ነው፤ ልጁ ዲግሪውን ይዞ ቤት ከተቀመጠ በኋላ።

ራስ ገዝ መሆን መፍትሔ ነው?

በ2015 ስለ ራስ ገዝ ዩኒቨርሲቲዎች የሚደነግገው አዋጅ ቁጥር 1294/2015 ወጣ። የመጀመሪያው ራስ ገዝ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሆነ፤ በራሱ የመግቢያ ፈተናም ተማሪ መቀበል ጀመረ። ሌሎቹ በየተራ እንዲከተሉ ነው ዕቅዱ። ባሕር ዳር የምርምር ዩኒቨርሲቲ ተብለው ከተለዩት ስምንቱ አንዱ ስለሆነ ወረፋው እሱ ጋ ቀደም ብሎ መድረሱ አይቀርም።

ራስ ገዝ ማለት በአጭሩ ተቋሙ በትምህርቱ፣ በሰው ኃይሉ፣ በገንዘቡና በአደረጃጀቱ ራሱ ይወስናል ማለት ነው። በርዕስ የተከፋፈለው በጀት በጥቅል ይመጣል፣ የራሱን ገቢም ያመነጫል። ቅድም ያልናት የኬሚስትሪ ላብ በዚህ አሠራር ሬጀንቷን ለመግዛት የሌላ ከተማ ፈቃድ አትጠብቅም። ይሄ ትልቅ ነገር ነው።

ሁለት ነገር ግን ያሳስበኛል። አንደኛው ክፍያ ነው። የራሱን ገቢ የሚያመነጭ ዩኒቨርሲቲ ዓይኑ መጀመሪያ የሚያርፈው ተማሪው ኪስ ላይ ነው። አዲስ አበባ ያለ ወላጅ የሚችለውን ከቢቡኝ ወይም ከጎንቻ የመጣ የገበሬ ልጅ ላይችል ይችላል። መንግሥት የሚከፍልላቸው ተማሪዎች ስንት ይሆናሉ፣ በምን ይመረጣሉ የሚለው ለጎጃም ገጠር ከማንኛውም የሹመት ዜና ይበልጣል።

ሁለተኛው ትንሽ የተደበቀ ነው። ሥልጣን ከሚኒስቴር ወጥቶ ፕሬዚዳንቱ ጠረጴዛ ላይ ከቆመ፣ ግቢው ነፃ ወጣ ማለት አይደለም። ሴኔቱ የተሿሚዎች ስብስብ ሆኖ ከቀጠለ፣ የመምህራን ማኅበሩ ለደሞዝና ለቤት ጥያቄ ብቻ የሚሰበሰብ ከሆነ፣ ራስ ገዝነት ትንሽ ንጉሥ ሊያነግሥ ይችላል። ቀድሞ ቢያንስ ከላይ ስሞታ የሚሰማ ነበር። አሁን «ተቋሙ ራሱን ያስተዳድራል» ተብሎ ስሞታው ይመለሳል። ቦርዱን ማን ይሾማል፣ የፕሬዚዳንቱ ዘመን በምን ምክንያት ሊያጥር ይችላል፣ ዲን በውድድር ነው በምርጫ ነው የሚመጣው የሚሉት ነገሮች ከ«ራስ ገዝ» ከሚለው ማዕረግ በላይ ይወስናሉ።

የሚቀጥለው የሹመት ዜና ሲመጣ ምን ልጠይቅ?

«የማን ሰው ነው?» የሚለውን ማቆም ከባድ ነው፣ ስለዚህ ጠይቁት። ግን ዩኒቨርሲቲው በገጹ የለጠፈውን ዜና አንዴ ወደኋላ ተመልሳችሁ እዩት። የክፍት ቦታ ማስታወቂያው ወጥቶ ነበር? ስንት ሰው ተወዳደረ? ዕቅዳቸውን መምህራን ፊት አቅርበዋል ወይስ በዝግ ነው የታየው? ሹመቱ በቋሚነት ነው ወይስ በተጠባባቂነት? የተነሣው ሰው የሥራ ዘመኑን ጨርሶ ነው ወይስ በመሀል ተቆርጦ? ተቆርጦ ከሆነ ቦርዱ ምክንያቱን ጽፏል?

መምህር ከሆናችሁ ደግሞ አንድ ቀላል ሥራ አለ። የሴኔት ተወካያችሁ ማን እንደሆነ ስሙን ታውቃላችሁ? ብዙ መምህር አያውቅም። ተወካዩ የሚመረጠው ብዙ ጊዜ ማንም በማይገባበት ስብሰባ ነው፣ ከሰዓት በኋላ፣ ግማሹ ክፍል ባዶ ሆኖ። ያቺ ወንበር ከፕሬዚዳንቱ ፊርማ ውጭ ከሚሞሉት ጥቂት ወንበሮች አንዷ ናት።